የክሊኒኩ ማኅተም

የገለምሶው ጤና ሹም አቶ ዳምጤ በድሬሰር በክሪ ክሊኒክ በር ላይ የነበረውን ቀይ የሰም ማኅተም በሰንጢ ፈቀፈቀው። የሥራ ፈቃድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ብሎ ከሁለት ክረምት በፊት ያሸገው ራሱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜም ወደ ገበያ ሲያልፍ ቆም እያለ ማኅተሙ አለመሰበሩን በጣቱ ዳስሶ ያረጋግጥ ነበር። ትናንት ግን ከአሰበ ተፈሪ ከተማ አዲስ ትእዛዝ ደረሰው፤ ከእንግዲህ ለትንሽ ክሊኒክ የአውራጃው ፈቃድ ብቻ ይበቃል። የምሥራቹን ለበክሪ ከመንገሩ በፊት ቤቱን ሊያናፍስለት አሰበ። "ይሄኔ የአይጥ መንደር ሆኗል" እያለ በሩን በትከሻው ገፋው።

በክሪ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በጓሮው መስኮት የገባ ክንድ ይዞ መርፌ ይወጋል። በላምባ ምድጃው ላይ መርፌ የሚቀቀልበት ጣሳ ይንተከተካል። የመስኮቱ ደፍ፣ በክሪ ተሻግሮ የሚገባበትና ክንድ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከመተሻሸት ብዛት ያብለጨልጫል።

አቶ ዳምጤ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። የክንዱ ባለቤት፣ ጫት ነጋዴዋ ኩብራ፣ ከውጭ ሆና አየችው።

"ወላሂ፣ ሹምም ብትሆን ወረፋ አለ!" አለችው። "ዞረህ ከኋላ ያዝ!"

አንገቱን አስግጎ ወረፋውን ተመለከተ። ከኩብራ ኋላ፣ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ተራዋን የምትጠብቀው የገዛ ሚስቱ ሣህሊቱ ነበረች። ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን እንኳ አልሞከረችም።

"አይደንግጡ" አለችው ረጋ ብላ፤ "ማኅተሙን ማንም አልነካብዎትም።"