ከማዶ የሚሰማ ሞተር

መካኒኩ ለአሮጌው ላንድክሩዘር ካቀረባቸው ሁለት ሞተሮች የቤንዚኑን ሲያስነሳው ድምፁ እምብዛም አልተሰማም። የሺዋስ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጮቄ ተራራ አናት ወደ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ሲያወርድ ወገቡም ጆሮውም አልቋል።

«አያ፣ ይኼ ይሻልዎታል» አለ መካኒኩ። «በብርድም ቶሎ ይነሳል። ናፍጣውማ ጩኸቱ አገር ይቀሰቅሳል።»

እውነቱን ነው፤ የሺዋስም ዕረፍት አምሮታል። ግን ባለፈው ወር፣ መኪናው ሲበላሽበት፣ እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው መኪና ተውሶ ዳገቱን ወጥቶ ነበር። ስልክ በማይሠራበት በዚያ ተራራ ሰዎች ቃሬዛቸውን ተሸክመው ወደ መንገድ የሚወርዱት የእሱን ሞተር ሲሰሙ ነው። ያን ቀን ምንም አልሰሙም። እሱም መንገዱ ላይ ሰው ሲያጣ ባዶውን ተመለሰ። ያን ቀን እዚያ ምጥ ይዟት የነበረች ሴት በማግስቱ ስትቀበር ባሏ አልተቆጣውም፤ «ጆሯችንን ጥለን ስንጠብቅዎት ዋልን» ብቻ አለው።

መዳፉን ከቤንዚኑ ሞተር ላይ አነሳ።

«በል ናፍጣውን አስነሳው» አለና ወደ በሩ አዘገመ። «እኔ ከዚያ ማዶ ቆሜ ልስማው።»