እጁ ለምዶታል

የሆስፒታሉ ብቸኛ የመተንፈሻ ማሽን በሌላ ሕመምተኛ ተይዟል። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙን የሚያስተነፍሰው በገዛ እጁ ነው፤ ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የአየር ፊኛ ከትናንት ጀምሮ፣ ዓይኑን ሳይከድን፣ ይጨምቃል፣ ይለቃል።

ረፋዱ ላይ የወንድሙ ሚስት ከአውቶቡስ ውስጥ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ዝጋው» አለችው ነርሷ እየወጣች። «ሁለቱን ባንዴ አትችልም።»

«አታስቢ ሲስተር፣ እጄ ለምዶታል።»

ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ እንባው እንዳይታይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አይዞሽ ዓይናዲስ፣ ብቻ በሰላም ድረሽ። እየተነፈሰልሽ ነው። እጄ ለአፍታም አላረፈም።»

ዋሸ አይባልም፤ እጁ አላረፈም። ነርሷ ስትመለስ ፊኛው ከቱቦው ተላቆ አልጋው ሥር ወድቋል። እሱ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይጨምቃል፣ ይለቃል።