የሁለቱ ሰፈሮች ኪሎ

ድርጅቱ የሕፃናት ዱቄት ያድላል። የሚያድለው ግን ለላይኛው ሰፈር ብቻ ነው። የታችኛው ሰፈር ልጆች ምንም አይሰጣቸውም፤ በየወሩ ይመዘናሉ፣ በቃ። በዓመቱ መጨረሻ የሁለቱ ሰፈር ኪሎ ይነጻጸርና የዱቄቱ ጥቅም በልዩነቱ ይታወቃል። ይህን ያወጣው ሰው ብዙ የተማረ ነው ይባላል።

ልጆቹን የምትመዝነው አንዲት ሴት ናት። ባሏ የዚያው ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነው። እሱ ሰፍሮ ያድላል፣ እሷ መዝና ትጽፋለች። «እናንተ ቤት ሳይመዘን አይበላም አሉ» እያሉ ባልደረቦቻቸው ይቀልዱባቸው ነበር።

በመጋዘኑ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ዱቄቱን የሸጠ ወይም ለሌላ ያሳለፈ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። የላይኛው ሰፈር እናቶች በማደያው ቀን ተሰልፈው ይቀበላሉ። ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ዕቃ ይዘው ነው የሚመጡት፤ አንድ ላይ ሲሆን ይከብደናል ይላሉ። የታችኛዎቹ ደግሞ ልጆቻቸውን አጥበው ለሚዛን ያቀርባሉ። አንድም ቀን «ለእኛስ?» ብለው አያውቁም። መዛኟን ትዕግሥታቸው ይገርማት ነበር።

ዓመቱ አለቀና ገምጋሚው መጣ። የቢሮውን በር ዘግቶ መዛኟን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«የሁለቱም ሰፈር ልጆች እኩል ነው የጨመሩት» አላት።

«ጨምረዋላ ታዲያ!»

«ልጅ መቼም ያድጋል እህቴ። እኔ የምፈልገው ልዩነት ነው። ልዩነት ከሌለ ዱቄቱ ልጆቹ አፍ አልደረሰም ማለት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

ማን ጋ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። 

መጠይቅ ይዛ ላይኛው ሰፈር ወጣች።

«ዱቄቱን በሙሉ ተቀብለሻል?»

«በሙሉ።»

«ሸጠሻል?»

«ምን ቆርጦኝ!»

«ልጅሽ በልቷል?»

«በልቷል።»

መልሳቸው አንድ ነው። ዐይኗን ግን አያዩም። ባሏን ፈርተው መሆን አለበት ብላ ደመደመች። አንዷ እንዲያውም እጇን ይዛ «ባለቤትሽ ደግ ሰው ነው፤ እባክሽ እንዳይነኩት» ብላ አለቀሰችባት። መዛኟ ይሄን ጊዜ ሌላም ነገር ጠረጠረች። የሰው ባል ደግነቱን ይህች ሴት ከየት አወቀችው?

ለምሳ ቤት ሲገናኙ ሰላም እንኳ አላለችውም።

«ዱቄቱ የት ገባ?»

«ልጆች ሆድ ውስጥ።»

«ሚዛኔ አላገኘውማ!»

«እንግዲህ ሚዛንሽን ጠይቂው።»

«አትቀልድብኝ! ልትታሰር እኮ ነው፣ ገብቶሃል?»

እጁን ታጠበ። አደራረቀና ተቀመጠ።

«ብናገር የሚጎዱ ሰዎች አሉ» አላት።

«እነማን? ወይስ አንዷ ናት?»

እንጀራውን ቆረሰ። ሰውዬው አንዴ ዝም ካለ በመዶሻም አይከፈትም። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራ ይህን ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን ጠላችው። የልጆች ጉሮሮ ዘግቶ ውሽማ ከሚቀልብ ሰው ጋር አንድ ገበታ መቅረቧ አንገሸገሻት። ምግቡን እንዳለ ትታ ወጣች።

ቢሮ ስትመለስ ገምጋሚው ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቃት። ሚዛኑ ትክክል ነበር ብላ ከፈረመች ባሏ ሌባ ነው። ተሳስቶ ነበር ካለች ደግሞ ባሏን ልትሸፍን ዓመት ሙሉ የዋሸችው እሷ ናት፤ ሁለቱም ይባረራሉ፣ እሱም ከእስር አይተርፍም። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል። ክፍሉ ጠበባት።

«እባክዎ መስኮቱን ይክፈቱልኝ» አለችው።

መስኮቱ ክፍት ነበር።

ቢያንስ ሚዛኔ አልዋሸም አለች በሆዷ። እውነቷን ነው፤ አልዋሸም። ፈረመች።

ባሏን ሁለት ፖሊሶች መጥተው ይዘውት ሄዱ። በአጠገቧ ሲያልፍ አያት እንጂ አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ይብስ አበገናት። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስም የዱቄቱ ማደል ይቁም ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት መዛኟ ይህንኑ ልትናገር ታችኛው ሰፈር ወረደች። ላይኛው ሰፈር ለመሄድ ወኔ አጥታ ነው ከዚህ የጀመረችው። እነዚህስ ምንም የሚቀርባቸው ነገር የለም። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። ልጇን ያዘለች ሴት ከፈተችላት።

«ከእንግዲህ ለሚዛን አልመጣም» አለቻት መዛኟ። «የላይኛው ሰፈር ዱቄት ቆሟል።»

ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው።

«ውይ በሞትኩት! ታዲያ የእኛ ግማሽ ከየት ሊመጣ ነው?»