ለተረጋጋ እጅ የሚከፈት አልጋ

ሕፃን ሁሉ ክዳን ባለው አልጋ ይተኛ የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ ክዳን የሌለው የሕፃን አልጋ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። ትርሲት የሦስት ወር ልጇን ለናሙና በተቀመጠው አልጋ ውስጥ አስተኛችው። ፍራሹ ለስላሳ ነው፤ ሙቀቱንም ራሱ ይመጥናል። ክዳኑ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ልጁ ወዲያው ማልቀስ ጀመረ። ትርሲት ክዳኑን ብትይዘው አልከፈት አላት።

«እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች ሻጯ። «አልጋው የሚከፈተው ለተረጋጋ ሰው ብቻ ነው። የተናደደ ሰው ሕፃን እንዳያነሳ ተብሎ ነው።»

«ልጄ እያለቀሰ እንዴት ልረጋጋ?»

ልጁ ትን እስኪለው አለቀሰ። ባሏ ይታገሱ ጠጋ ብሎ መዳፉን ሲያሳርፍበት ክዳኑ ተከፈተ። ትርሲት ልጇን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ትለምጂዋለሽ» አላት ይታገሱ።

ትርሲት ወደ ሻጯ ዞረች። «አንቺስ ለመድሽው?»

ሻጯ አንገቷን ደፋች። «እናቴን የቀበርኩ ዕለት ልጄን ሳላቅፍ ነው ያደርኩት። ስታለቅስ ጎረቤት እየመጣች ነበር የምታነሳልኝ።»

ትርሲት ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ በሩ አመራች።

«ሕጉስ?» አላት ይታገሱ ከኋላዋ።

«የሚጠይቅ ሲመጣ እቅፌ ውስጥ ያገኘዋል።»