የመርፌዎቹ ማሰሪያ

በኦምዱርማን ገበያ ነጋዴው አንድ ያገለገለ የላቦራቶሪ መለኪያ ከጆንያ ሲያወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ገሊላ ጠጋ አለች። አራቱ ቀጫጭን መርፌዎቹ ከተጣመሙ የሲሊከንን የኤሌክትሪክ መቋቋም አይለካም፤ ተራ ቆርቆሮ ነው። እሷ ከጦርነቱ ስትሸሽ ባልደረባዋ ዘማርያም “ጦርነት ቢመጣም ላቦራቶሪውን ጥዬ አልወጣም” ብሎ ከቀረ ወዲህ እንዲህ ያለ መሣሪያ አይታ አታውቅም።

“ያላ፣ በይ ክፈቺው” አላት ነጋዴው።

ክዳኑን አነሣች። መርፌዎቹ ልክ ዘማርያም እንደሚያደርገው በጥጥ ተጠቅልለው በጥቁር ክር ታስረዋል። አንዱም አልተጣመመም። እፎይ ልትል ስትል ክሩ ላይ ጫፏ የተሸረፈች የእንጨት መስቀል አየች። የዘማርያም ማተብ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።

“ይሄን የሸጠልህ ሰው...” መስቀሏን በጣቷ ነካች።

ነጋዴው ክሩን በጥሶ መዳፏ ላይ ጣለላት። “ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የምሸጠው መሣሪያውን ነው፤ ማን እንደሸጠልኝ አትጠይቂኝ። ይሄን በነፃ ውሰጂው።”