የግራ ጉንጭ ነገር

በታላቅ ኀዘን የምናስታውቀው፣ የአንድ ባለትዳር ግራ ጉንጭ ትናንት ከቀትር በኋላ በፀሐይ መጠበሱን ነው። ቀኝ ጉንጩ ደህና ነው።

ለሚስቱ የአጎቱ ቀብር ላይ እንደዋለ ነግሯታል። የዋለው ግን ስታዲየም ነው፤ ያውም ፀሐይ ከግራ በምትለበልበው፣ ጥላ በሌለው ወገን። ሚስቱ ጉንጩን በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አበረደችለትና ለሕፃኑ ያስቀመጠችውን እርጎ ቀባችው። እርጎው ወደ ከንፈሩ ሲወርድ ጮኸች።

«አፍህን ግጠም፣ ጾም ነው! ለመሆኑ ቀብር ላይ ግማሽ ፊት ብቻ እንዴት ይቃጠላል?»

«ፊቴን ወደ ሬሳው አዙሬ ነበራ።»

«ቆይ! የንስሐ አባታችን ሊያጽናኑህ እየመጡ ነው። እሳቸው ፊት ስትዋሽ አይሃለሁ!»

እርጎው በላብ ቀጠነ።

አባ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ገቡ።

«አባ፣ ይህ ሰው ትናንት የት እንደዋለ ገዝተው ይጠይቁልኝ!»

አባ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ቀስ ብለው ገለጡ። ግራ ጉንጫቸው በርበሬ መስሏል።

«እርጎው ተርፏል?»

«ውይ አባ! እርስዎ ደግሞ የት ውለው ነው?»

«ቀቢኝ እንጂ አትጠይቂኝ፣ ልጄ። አልናገርም።»