ሰላምታ ከኮሮግ

ኤልዶር ቃሲሞቭ በታሽከንት ከተማ የታወቀ የሳክስፎን ተጫዋች ነበር። መድረክ ላይ ሲነፋ እራት የሚበላው ሰው ሹካውን ያስቀምጥለታል። አልበሞቹን ግን የሚሰማቸው አልነበረም፤ ሁለቱም ወድቀውበታል። በአርባ ስድስት ዓመቱ ሦስተኛውን ጀመረ፤ በዚህኛው ጃዝን ከሌላው ዓለም ሙዚቃ ጋር አዋህዳለሁ ብሎ። የታብላው ከበሮ ከቤናሬስ፣ የኮራው ክር ከባማኮ፣ ቤዙ ከበርሊን እየተቀዳ በኢንተርኔት ይላክለታል። አብረው የሚጫወቱት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

የአልበሙ ልብ ግን አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ያገኘው ካሴት ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ግማሽ ሰዓት ሩባብ የሚባለውን የተራራ ክራር ይመታል። ሽፋኑ ላይ «ናዛርሾ፣ ኮሮግ» ከሚል በቀር ምንም የለም። ኤልዶር ኮሮግ ወዳለችበት ወደ ፓሚር ተራሮች ስልክ ደውሎ ስለ ናዛርሾ አጠያየቀ። የተሳፈረበት መኪና ወንዝ ገብቶ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል አሉት። ልጅ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለውም። ኤልዶር እፎይ አለ። ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የለም ማለት ነው።

የጎደለው የሴት ድምፅ ነበር። ሲያፈላልግ ሙካራም ኦፓን ጠቆሙት። ሰፈሩ ሁሉ ኦፓ፣ ታላቅ እህታችን እያለ ነው የሚጠራቸው። በደህናው ጊዜ የሠርግ ዘፋኝ ነበሩ፤ ጉሮሯቸውን ታመው ተዉት ይባላል። አሁን ብቻቸውን እየኖሩ የሱፍ ካልሲ ይሠራሉ።

«እኔ አልዘፍንም ልጄ» አሉት፣ በሩን እንደያዙ።

«አንዴ ብቻ ይስሙት፣ ኦፓ።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው በሩ ላይ ምቱን ይከተል ጀመር፤ አንዳንዴም ከሩባቡ ቀድሞ ይደርሳል። ኤልዶር ተገረመ። ጆሮ ማለት ይሄ ነው አለ በልቡ።

«ከየት አመጣኸው?»

ከገበያ ለቅሜ ነው ማለት አፈረ። «ራሱ ናዛርሾ ነው የላከልኝ። ኮሮግ ነው ያለው።»

ሙካራም ኦፓ ዓይን ዓይኑን አዩት። ከዚያ «ሌላስ ምን አለህ?» አሉ።

ኤልዶር የተራበ ሰው ዓይን መሰለው። «የምትዘፍንልኝን ሴት ሰላም በልልኝ ብሏል» አላቸው።

በማግስቱ ስቱዲዮ መጡ።

መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ዝገት ነበረበት። ኤልዶር ግን በየሳምንቱ አንድ መልእክት ይዞላቸው ይገባል። ናዛርሾ ሰምቶዎት እህል አልቀመሰም። ናዛርሾ ሁለተኛውን ስንኝ ረጋ አድርጋ ትበልልኝ ብሏል። ዝገቱ እየለቀቀ ሄደ።

«ጠዋት ጠዋት ሻዩን በስኳር እየጠጣ የሚሰማው እርስዎን ነው» አላቸው አንድ ቀን።

«በስኳር?» ብለው ሳቁ። ሳቁ አልቆም ብሏቸው እንባቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ።

የናዛርሾን ስልክ ቁጥር ስጠኝ ማለታቸው አይቀርም ብሎ ሰበብ አዘጋጅቶ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቁም። ይልቅ ቀይና ጥቁር ካልሲ ሠርተው አመጡ። «ላክለት፤ እዚያ ብርዱ አይቻልም» አሉ። የእግሩን ቁጥር እንኳ አልጠየቁም። ኤልዶር ሲለካው ሰፋው፤ ድምፅ ለሚቀዳው ለስላቫ ሰጠው። ስላቫም ሰፋው፤ ቢሆንም ሞቀው።

«ሰውየው እኮ ሞቷል» አለው ስላቫ።

«ለአሮጊቷ አልሞተም። አታያትም እንዴ? ኮረዳ ሆናለች።»

«ስታውቅስ?»

«አልበሙ ካለቀ በኋላ ምን አገባኝ?»

«ትንሽ እንኳ አይከብድህም?»

«ካልሲውን አጥልቀህ ነው የምትመክረኝ? ሥራህን ሥራ።»

የመጨረሻው ዘፈን ለቅሶ ነበር። ሙካራም ኦፓ ሦስት ጊዜ ዘፈኑት፤ ሦስት ጊዜም አማረ። ኤልዶር ግን ተነጫነጨ። «ደስ ብሏታል። ደስ ያላት ሴት ምን ታለቅሳለች?»

ከወንበሩ ተነሳ። ምን እንዳሰበ ስላቫ ገባው።

«እንዳታደርገው ኤልዶር።»

ስላቫ የያዘውን እጁን አስለቅቆ ወደ መቅጃው ክፍል ገባ። ከፊታቸው ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«ኦፓ፣ ዛሬ ጠዋት ከኮሮግ ተደውሎልኝ ነበር።»

የሙካራም ኦፓ ፊት አመድ መሰለ። «አትንገረኝ» አሉ። ክንዱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እባክህ ልጄ፣ አትንገረኝ። አንድ ሳምንት ቆይ። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«ናዛርሾ አርፏል።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ክንዱን ለቀቀ።

«በምን?»

«በእንቅልፉ። ምንም አልተሰማውም።»

«በእንቅልፉ» አሉ ለራሳቸው። «እንዲያ ይሻላል።»

ኤልዶር የጆሮ ማዳመጫውን በገዛ እጁ ጭንቅላታቸው ላይ አደረገላቸውና በመስተዋቱ በኩል ለስላቫ ምልክት ሰጠ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘፈኑት። ግጥሙን መሀል ላይ ትተው፣ ኤልዶር በማያውቀው የተራራ ሰዎች ቋንቋ ቀጠሉ። ሩባቡ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ እሳቸው ሲጠይቁ ሩባቡ ዝም ይላል። ስላቫ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኤልዶር ሰዓቱን አየ። ስድስት ደቂቃ ከሃያ። ልክ በቂ ነው።

«አለቀ ኦፓ» ብሎ እየተፍለቀለቀ ገባ፤ ወዲያው ፊቱን አጨፈገገ። «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።»

ሙካራም ኦፓ ሻርፓቸውን አስተካክለው አሰሩ። ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ድረስ ሄዱና ዞር አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «አንድ ባሌን ሁለት ጊዜ አስቀበርከኝ።»